ነጭ ለሁሉም ይሄዳል

ቀይ ጽጌረዳ የተከለ ሰው ጣጣው ቀላል ነው። ቀይ የሚፈልጉት ፍቅረኞች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ትዝ የሚላቸው በዓመት አንዴ፣ የካቲት 7 ሲቃረብ ነው። ያቺን ሳምንት በሩን ዘግቶ የከረመ ሰው ዓመቱን ሙሉ በሰላም ይኖራል። ሮዝ ቀለም የተከለም ተመስገን ይበል፤ አላፊ አግዳሚው «ሲያምር!» ብሎት ያልፋል እንጂ ለምን ጉዳይ እንደሚፈልገው አያውቅም። ነጭ የተከለ ግን ጉዱ ፈላ። ነጭ ለሙሽራ ይሆናል፤ ለለቅሶም ይሆናል። ለክርስትና፣ ለምርቃት፣ ከሆስፒታል ለወጣ ሰው፣ ለእመቤታችን ሥዕል፣ ከአሜሪካ ለመጣች አክስት አቀባበል ይሆናል። በአንድ የአዲስ አበባ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነጭ አበባ የማይገባበት ጉዳይ ብፈልግ ያገኘሁት የመታወቂያ እድሳትን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን «ይዘህ ብትሄድ ሳያፋጥን አይቀርም» ያሉኝ አሉ።

እኔ ነጯን ያበቀልኩት ደግሞ ልደታ ነው፤ ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። የከተማችን ሰው ልደታን የሚያውቃት በፍርድ ቤቷ ነው። ስልክ ደውሎ «የት ነህ?» ያለኝ ሰው «ልደታ» ስለው ድምፁ ዝቅ ይላል። «ምነው፣ በሰላም?» ይላል። ቤቴ እዚያ መሆኑን እስካስረዳው ድረስ ለሰው ዋስ ሆኜ የተያዝኩ ወይም ከወንድሞቼ ጋር በውርስ የተካሰስኩ ይመስለዋል። ከፍርድ ቤቱ ሌላ ልደታ ማርያም አለች፤ ወር በገባ በአንደኛው ቀን መንገዱ በነጠላ ይሞላል። ግንቦት 1 ቀን ሲሆን ደግሞ የበዓሉ ለት ነውና በየብሎኩ ሥር ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ስሙን የማታውቀው ጎረቤት ሁሉ እፍኝ ሽምብራ ያስይዝሃል። ባልቻ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ባቡሩ በድልድዩ ላይ ያልፋል። የሚያገባው፣ የሚፋታው፣ የሚታከመውና የሚሳለመው ሁሉ በዚችው ሰፈር ሲመላለስ ይውላል፤ ከእነዚህ መካከል ነጭ አበባ አያስፈልገኝም የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አበባዋ ያለችው ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ፣ ከመስኮቴ ሥር ባለች ጠባብ መሬት ነው። በድሮው ልደታ ቢሆን ኖሮ ይህ ራሱ ወሬ አይሆንም ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ብሎኮቹ ከመቆማቸው በፊት ጽጌረዳ የሚተከለው በኒዶ ጣሳ ወይም በዘይት ቆርቆሮ ነበር። ጣሳው ካርታ ነው፣ ጣሳው ደብተር ነው፤ ቤት የቀየረ ሰው ጽጌረዳውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይሄዳል፣ የሚጠይቀውም የለም። ያቺ የጣሳ ጽጌረዳ ፈዘዝ ያለች ሮዝ ነበረች። አበባዋ ሁለት ቀን ሳይቆይ ይረግፋል፤ ሽታዋ ግን አጥር ተሻግሮ ቡና የሚጠሩ ጎረቤቶችን ቀድሞ ይጠራ ነበር። ዛሬ መሬቱ የጋራ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 ከየቤቱ ውጭ ያለውን ሁሉ፣ ደረጃውንም፣ ጣሪያውንም፣ ግቢውንም፣ ነዋሪው በጋራ የያዘው ነው ይላል። ግራውንድ የምንኖር ሰዎች አዋጁን ያላነበብን መስለን ከመስኮታችን ሥር ሽቦ አጥረን ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ እንተክላለን። ፎቅ የሚኖሩትም ያላዩ መስለው ያልፋሉ። በጎመን ምክንያት ስብሰባ ተጠርቶ አያውቅም።

ችግኟን የገዛሁት መንገድ ዳር ከሚሸጥ ልጅ ነው።

«ስሟ ማን ነው?» አልኩት።

«ነጭ።»

«ነጭ ምን?»

ትንሽ አሰበና «ነጭ የሆላንድ» አለኝ። ዋጋውም በዚያው ቅጽበት ባሕር ተሻገረ።

ልጁ ብዙም አልዋሸም፤ ሆለታ ሊል ፈልጎ አምልጦት ይሆናል። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወረድ ሲሉ ደግሞ ዝዋይ፣ በላስቲክ ቤት ውስጥ የሚበቅለው ጽጌረዳ በየሌሊቱ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ሆላንድ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ የአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ከሆነች ሰነባብታለች። እንደ ሆለታ ባለ ደጋ የሚያድገው ዘንጉ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ትልቅ ይሆናል፤ ዝቅ ያለውና ሞቅ ያለው አገር ደግሞ አነስ ያለውን ቶሎ ቶሎ ያደርሳል። ሆላንዶች ይህንኑ አበባ አልስሜር ላይ በጨረታ ለቀረው ዓለም ይቸረችሩታል። ከልደታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የበቀለ ጽጌረዳ በስሙ ሆላንድን ዞሮ ቢመጣ እንግዲህ ምን ይደረጋል? ከዚያ የባሰ ዞሮ የመጣ ሸሚዝ ለብሻለሁ።

ዘሯ ፈረንጆቹ «ሃይብሪድ ቲ» የሚሉት ነው፤ አንድ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ፣ ሾጠጥ ብሎ የሚከፈት አበባ። የአውሮፓ ጽጌረዳዎች ጠንካሮች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን በዓመት አንድ ወቅት አብበው ይተኙ ነበር። ከቻይና የመጡት ለስላሶች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ እየደጋገሙ ያብባሉ። ሁለቱን ወገን ሲያዳቅሉ ሲያዳቅሉ ጊዮ የሚባል የሊዮን አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1867 «ላ ፍራንስ» የተባለችውን አወጣ፤ የዚህ ዘር የመጀመሪያዋ እየተባለች የምትቆጠረው እሷ ናት። እሷ ግን ሮዝ ናት። በ1891 ደግሞ ጀርመናዊው ፒተር ላምበርት አንዲት ነጭ አወጣና በንግሥታቸው በአውጉስታ ቪክቶሪያ ስም ጠራት። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና አምስት ዓመቷ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ለከተማ ስም ያወጡ ሴት ናቸውና አበባ በስማቸው ባይጠራ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም። በ1963 ቤልጂጋዊው ሉዊ ሌንስ «ፓስካሊ»ን አመጣ፤ ከነጮቹ መካከል ዝናብ በመቻል የተመሰገነች ናት፣ በ1991 የዓለም የጽጌረዳ ማኅበራት በክብር መዝገባቸው አስገቧት። የኔዋ ነጭ የሆላንድ ናት፤ በዚሁ እንቀጥል።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ግን ይህ ሁሉ ታሪክ አልገባቸውም፤ ቢገባቸውም አይቀበሉትም። የመንዝ ሰው ናቸው። አበባዋ መጀመሪያ የፈነዳች ለት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው አዩዋትና ፈረዱ።

«ይሄማ ቀጋ ነው።»

«ጋሼ፣ ጽጌረዳ ነው እኮ።»

«ነጭ አይደለም?»

«ነጭ ነው።»

«እሾህ የለውም?»

«አለው።»

«ታዲያ! እኛ አገር ፍየል ነው የሚበላው። የሚያጠጣው ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ከሳይንሱ ጋር ብናስተያየው ጋሼ ብዙ አልራቁም። ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1820 «ሮዛ አቢሲኒካ» ብለው መዝግበውታል፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ ጽጌረዳ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ነጭ አበባው አምስት ገፅ ብቻ አለው፣ ፍሬው ሲበስል ይቀላል፣ እረኛ ይለቅመዋል። እንጦጦ ላይ ቁጥቋጦ መሀል፣ ደጋው ላይ በየአጥሩ ይገኛል። የሚያጠጣው የለም፣ የሚገርዘው የለም፣ ታመመ ብሎ መድኃኒት የሚፈልግለት የለም። የአገራችን ሰው ነጭ ጽጌረዳ ከጥንት ጀምሮ በነጻ ነበረው፤ እኔ በሆላንድ ዋጋ ገዝቼ በጀሪካን አጠጣለሁ። ጋሼም ይህን ያውቃሉ። ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ይዤ ሲያገኙኝ «ቀጋህ እንዴት አደረች?» ይሉኛል፤ ያን ቀን ወገባቸውን አያማቸውም።

የውሃውን ነገር ልደታም ሆነ ሌላ ሰፈር ላለ ሰው ማስረዳት አያሻኝም። ፈረቃ ነው። ጽጌረዳ የምትፈልገው በሳምንት ሁለቴ ጠለቅ ያለ ውሃ ነው፤ ጠዋት፣ ቅጠሏን ሳይነካ፣ ሥሯ ላይ። ውሃችን የሚመጣው ደግሞ ሌሊት ነው፤ ከእንቅልፉ ተነስቶ መጀመሪያ ባልዲ፣ ቀጥሎ ጀሪካን፣ ቀጥሎ የልብስ መዘፍዘፊያ፣ በመጨረሻም ድስት የሚሞላ ቤተሰብ አበባ ትዝ አይለውም። ባለቤቴ ለአበባዋ የፈቀደችው እጣቢ ብቻ ነው፦ የጎመን፣ የድንች፣ የምስር እጣቢ። በጾም ወራት አበባዋ ደህና ትበላለች።

ምክር ግን ፈረቃ የለውም። አንደኛ ፎቅ ያለችው እህታችን የቡና አተላ ታመጣልኛለች፤ «ቡና ሳይቀምስ የሚያብብ የለም» ትላለች። ሌላዋ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጣ ሥሯ ላይ ትበትናለች። እነዚህ ጉዳት የላቸውም፤ አተላውም በልክ ሲሆን አፈሩን ያላላዋል። የሥጋ እጣቢ አፍስስባት ያለኝን ሰው ምክር ግን አልተቀበልኩም፤ የሰፈሩን ድመቶች አውቃቸዋለሁ። ከሁሉ የከበደኝ የአራተኛ ፎቋ ነው። ልብስ ስታሰጣ በረኪናው እየተንጠባጠበ በቀጥታ ቅጠሏ ላይ ያርፋል። በጨዋ ቋንቋ ብነግራት ከልቧ ተገርማ አየችኝ። «ነጭ አይደለች እንዴ? በረኪናማ ለነጭ ነው!»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር እስካሁን እየፈለግኩ ነው።

ነጭ መሆን በአዲስ አበባ ቀላል አይደለም። ጥቀርሻው አለ፣ አቧራው አለ፤ ቀይ አበባ ላይ ቢያርፍ ማን ያየዋል? ትሪፕስ የሚሏት ዓይን የማትሞላ ተባይ ደግሞ ፈካ ያለ ቀለም ስለምትወድ እምቡጡ ውስጥ ገብታ ጠርዙን ታቃጥለዋለች። ክሽክሹ ለጋውን ይመጥጣል፤ እሱስ በሳሙና ውሃ ይለቃል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቀኑ ደረቅ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ቅጠሉን ያለብሰዋል። ክረምቱ ሲመጣ ግን የእነዚህ ሁሉ አለቃ መጣ ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የመታው ነጭ እምቡጥ እርጥብ ሶፍት ይሆናል፤ የላይኛው ገፅ ይጣበቅና አልከፈትም ይላል፣ እንደተጠቀለለ ይበሰብሳል። ከእርጥበቱ የሚመጣው ቦትራይቲስ የሚባለው ሻጋታ ደግሞ ነጩ ላይ ሮዝ ሮዝ ነጠብጣብ ያወጣበታል። ነጠብጣቡ በታየ ማግስት ሕክምናው በፎቅ ደረሰኝ።

«ዓይን በልቷት ነው» አሉ።

«ኧረ ሻጋታ ነው።»

«ሻጋታውን ማን አመጣው?»

በነጋታው ጠዋት የዘንጎቹ ጫፍ ላይ ባዶ የእንቁላል ቅርፊት ተሰክቶ አገኘሁ፤ ዓይን መጀመሪያ እሱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ማን እንደሰካው አላወቅኩም። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ነጠብጣቡ ጠፋ፤ ምስጋናውን የወሰደው ቅርፊቱ ነው።

ከሁሉ የተማርኩት ነገር ቢኖር መግረዝ ነው። አውሮፓ ብርዱ ጽጌረዳን ያስተኛታል፤ ስትነቃ በአዲስ ጉልበት ታብባለች። የኛ አገር ክረምት ያርሳታል እንጂ አያስተኛትም፤ እዚህ የሚያስተኛት መቀስ ነው። ወደ ውጭ ከምታይ ቡቃያ ከፍ ብሎ፣ አምስት አምስት ቅጠል ካለበት በላይ፣ ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ። ከዚያ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ታብባለች። ላስቲክ ቤቶቹ ለፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የሚያደርሱት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ወራቱን ወደ ኋላ ቆጥረው ይቆርጣሉ። እኔም መቁጠር ጀመርኩ። ኅዳር አጋማሽ ከቆረጥኩ ለጥር ሠርግ ትደርሳለች፤ መጋቢት መጀመሪያ ከቆረጥኩ ለግንቦት ልደታ። ይህን ለባለቤቴ የነገርኳት በሚስጥር ነበር። በሳምንቱ የባለቤቴ ጓደኛ ልጅ እጮኛዋን ይዛ መጥታ አበባዋን ከላይ እስከ ታች ለካቻትና «ለጥር 18 ያድርሱልን» አለችኝ። ለለቅሶ ግን የሚቆጠር ወር የለም።

የዕድሩ ዳኛ የሚመጡት ጎህ ሲቀድ ነው። ጉንጉኑ ከሱቅ ተገዝቷል፤ ሣጥኑ ላይ የምታርፈው አንዷ ግን ከሰፈር ስትሆን ሌላ ናት ይላሉ። እኚህን ሰው እምቢ የሚል አንደበት የለኝም፤ እኔንም አንድ ቀን የሚሸኙኝ እሳቸው ናቸው። ሚዜዎች ደግሞ በእኩለ ቀን፣ በሽቶ፣ በሳቅ ይመጣሉ። የሚፈልጉት ስምንት እኩል የሆኑ አበቦች ነው። እኩል የሚያበቅለው ላስቲክ ቤት መሆኑን፣ ጓሮ ውስጥ ያለች ጽጌረዳ ከእያንዳንዱ ዘንግ የፈለገችውን እንደምታወጣ ሳስረዳቸው አንዷ «ትንሿን ለእናትየው እናደርጋታለን» ብላ በራሷ ፈረደች። ቲክቶክ የሚቀረጹት ልጆች አይቆርጡም፣ ይመሰገናሉ፤ ጎመኑን ግን ይረግጡታል። የመጣ ሁሉ መጀመሪያ አፍንጫውን ይሰዳል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ያየኛል።

«ሽታ የላትም እንዴ?»

ጥቂት ጥቂት አላት፤ አፍንጫን ከነፍሱ ማስገባት ግን ይጠይቃል። እነዚህ ዘሮች ለመልክና ለዕድሜ ሲዳቀሉ ኖረው ሽታው መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ለዚህ ደግሞ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ከጠየቁኝ ሰዎች ሁሉ ደስ ብሎኝ የሰጠሁት ለአንድ የማላውቀው ሰው ነው። ኮት ለብሷል፣ ፋይል ይዟል፣ ከፍርድ ቤቱ በኩል እንደመጣ ያስታውቃል። ሽቦው አጠገብ ቆሞ ብዙ ካመነታ በኋላ «ይሸጣል?» አለኝ።

«አይሸጥም። ለምን ነበር?»

«ከባለቤቴ ጋር ልንፋታ ነበር የመጣነው። እስቲ መጀመሪያ ተነጋገሩ ብለው ጊዜ ሰጡን።»

«ታዲያ ቀይ አይሻልም?» አልኩት፤ ነጭ አስለምደው አስለምደውኝ ቀይ የሚገባበትን ቦታ ሳገኝ ሮጬ መጠቆም ጀምሬያለሁ።

«ቀይ ባመጣላት ምን አድርገህ ነው ትለኛለች» አለ። ሁለት ቆርጬ ሰጠሁት። ተስማሙ አልተስማሙ የሰማሁት ነገር የለም፤ አበባ ሊጠይቀኝ ግን ተመልሶ አልመጣም፣ እኔ በደግ ተርጉሜዋለሁ።

እማማ ግን አይጠይቁም። አንደኛ ፎቅ፣ ጥግ ላይ ነው ቤታቸው። ወር በገባ በአንደኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ምላጭ ይዘው ይወርዳሉ፣ ትልቋን መርጠው ይቆርጣሉ፣ «ለእመቤቴ ነው» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። የወሰዱት ለራሳቸው ስላልሆነ ማስፈቀድ የሚባል ነገር በአሳባቸው አይመጣም፤ ሳስበው ትክክል ናቸው። ችግሩ ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ማኅሌተ ጽጌው በሚቆምባቸው በእነዚያ አርባ ቀናት፣ አንደኛው ቀን የሚሉት ነገር ይቀርና በየሰንበቱ ይወርዳሉ። ወቅቱ ደግሞ ዝናቡ አባርቶ አበባዋ እጅግ የምታምርበት ነው። እኔ ለመስኮቴ ብዬ የተከልኩት ነገር በዚያ ሰሞን መስኮቴ ላይ ዘንግ ብቻ ይቀርልኛል።

የፋሲካውን በግ ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ታሪክ ይወቅሰኛል። ባለቤቱን አልጠራም፤ ጎረቤት ነው፣ በግ አንድ ሌሊት የትም ያድራል። ገመዱ ግን ከተባለው በላይ ረጅም ነበር። የስቅለት ለት ብሎኩ በሙሉ እየሰገደ ሲውል በጉ አንድ በአንድ እምቡጦቹን ጨረሳቸው፤ እሾሁ ቅንጣት አላሳሰበውም። ከግቢው ፍጡር ያልጾመው እሱ ብቻ ነበር። ጋሼ ከላይ ሆነው «ብዬ ነበር፣ ቀጋ ነው!» አሉ። እሑድ ለት ከዚያው በግ አንድ ሳህን ጥብስ ለካሣ ተልኮልኛል፤ በላሁት።

ነገሩ ስብሰባ ደረጃ የደረሰው ግን በበግ አይደለም፤ በጨዋነት ነው። ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማለዳ የዕድሩ ዳኛና የሙሽራዋ ወንድም ሽቦው አጠገብ ተገናኙ። የተከፈተችው አንዲት ብቻ ነበረች።

«እናንተ ውሰዱ እንጂ፣ ሐዘን ይቅደም» አለ ወንድምየው።

«በፍጹም! እግዜር ደስታን ያስቀድም፤ እኛማ ምን ቸገረን፣ የኛ ሰው አይቸኩል» አሉ ዳኛው።

«ኧረ በማርያም!»

«ኧረ ስለ ሚካኤል!»

ፀሐይ ወጣች። የሙሽራው መኪና ክላክስ ከወዲያ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከወዲህ። በመጨረሻ ሁለቱም ወደኔ ዞሩና «እስቲ ባለቤቱ ይፍረድ» አሉ። አበባዋን ከተከልኩ ጀምሮ ባለቤት የተባልኩት ያን ለት ብቻ ነው፤ ያን ለት ደግሞ ባለቤት መሆን አልፈለግኩም። «የጋራ መሬት ላይ ናት፣ ማኅበሩ ይወስን» አልኩ። አበባዋ ዘንጓ ላይ ቀረች፤ ከሰዓት በኋላ የሆነ ልጅ በኳስ መታት።

የነዋሪዎች ማኅበሩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኮሚናሉ ውስጥ ተሰበሰበ። አጀንዳው የውሃ ፓምፕ፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ ልዩ ልዩ ነበር። ፓምፑ በአጭር ጊዜ አለቀ፣ ገንዘብ የለም። ጥበቃው ጭማሪ ጠየቀ፣ ገንዘብ የለም። የቀረው ጊዜ በሙሉ ለልዩ ልዩ ዋለ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጠበቃ ተነስቶ ሕግ ዘረጋ፤ መሬቱ በአዋጅ የጋራ መሆኑን፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ዛፍና ሰብል ከመሬቱ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ አካል መሆኑን አስረዳ። «ስለዚህ» አለ፣ «ጽጌረዳዋ እስካልተቆረጠች ድረስ የሁላችንም ናት።»

«ከተቆረጠችስ?» አለች የበረኪናዋ።

ጠበቃው ዝም አለ። ቤቱ በሙሉ እጄን አየኝ፤ መቀሱን ይዤ ነበር የመጣሁት።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ መቀስ ሆነ። ተከራይ መብት አለው ወይ? የሞተው ሰው ሌላ ብሎክ ከሆነስ? ምርቃት ከክርስትና ይቀድማል ወይስ ከዲግሪው ዓይነት ጋር ይታያል? ጋሼ «ቀጋ» የሚለው ቃል በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠየቁ፤ ተያዘላቸው። ተራው ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ሕሙም፣ ሌላ ተብሎ ተደነገገ። መቀሱ ሰብሳቢው ቤት እንዲቀመጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ እኔም ለሰብሳቢው አቆራረጡን እንዳሳይ ታዘዝኩ። ማጠጣቱ፣ መኮትኮቱና ተባይ መልቀሙ «ልምድ ስላለው» በሚል በነበርኩበት ጸናልኝ። የውሃ ሒሳቡ አልተነሳም።

ውሳኔው በወጣ በቀናት ውስጥ የካቲት ገባ፤ የመጀመሪያው ቀን ማለት አንድ፣ ልደታ ነው። ሰብሳቢው ያን ለት ሌሊት ተነስተው፣ መቀሱን በፒጃማ ኪሳቸው ከተው፣ በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሕግ ገና ከመውጣቱ ሲጣስ ዝም ማለት አይቻልም። እማማ ምላጫቸውን ይዘው ወረዱ።

«እማማ!» አሉ ሰብሳቢው ከላይ። «እሑድ የወሰንነውን አልሰሙም እንዴ?»

«ስብሰባ አልመጣሁም፣ ወገቤን አሞኝ» አሉ እማማ፣ ቀና ሳይሉ፣ ትልቋን እየመረጡ። «ደግሞ ለኔ አይደለም፤ ለእመቤቴ ነው። እሷ የማኅበራችሁ አባል ናት እንዴ?»

ሰብሳቢው መቀሱን አወጡ፣ መልሰው ከተቱት። ከቤታቸው ውስጥ ባለቤታቸው «ማን ነው?» ስትል ይሰማል። እማማ ምላጩን አነሱ።

«እማማ፣ እዚያ ላይ አይቁረጧት!» ሲሉ ጮኹ ሰብሳቢው። «ዝቅ ይበሉ። አምስት ቅጠል ካለበት በላይ። ሰያፍ ያድርጉት!»